ተርቡለንስ ሞዴሉ ሲያስቸግር ጥፋቱ ከየት ይፈለጋል?

የፈሳሽ ወይም የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር የሚያሰላው ሲሙሌሽን 200ኛው ኢተሬሽን (የስሌት ዙር) ላይ ሲፈነዳ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ያለ ገደብ ሲያድጉ፣ ወይም ሳይፈነዳ ቀርቶ ከላብራቶሪ ልኬት ጋር የማይገናኝ ቁጥር ሲሰጥ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የተርቡለንስ ሞዴሉን፣ ማለትም የፍሰቱን ሁከት በግምት የሚወክሉትን እኩልታዎች ነው። ኬ-ኤፕሲሎን የሚባለው ሞዴል ወደ ኬ-ኦሜጋ ይቀየራል፤ እሱም ካልሠራ ስፓላርት-አልማራስ የሚባለው ይሞከራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን። ሞዴሉ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ከታች እንደርስበታለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ለሞዴሉ የቀረበለት ነገር ነው፦ አሃዱ፣ ሜሹ (ቦታው በትናንሽ ሴሎች የተከፈለበት መረብ)፣ ግድግዳው፣ መግቢያው ወይም የስሌት ስኪሙ (እኩልታዎቹ ከሴል ወደ ሴል የሚሰሉበት ዘዴ)። ፍለጋውም በዚሁ ተራ ቢሄድ ይሻላል፤ አሃድ ለማጣራት አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ሜሽ እንደገና መሥራት ግን ቀኑን ሙሉ ሊበላ ይችላል።

ሁለት ነገሮች ሳይታዩ ምንም ነገር አይቀየር። አንደኛው ግድግዳው ላይ ያለው የዋይ-ፕላስ (የመጀመሪያው ሴል ከግድግዳው ያለው ርቀት መለኪያ፤ ቀመሩ ከታች አለ) ካርታ ነው። ሁለተኛው የቪስኮሲቲ ሬሾ ነው፤ ማለትም ሞዴሉ የፈጠረው የተርቡለንስ ቪስኮሲቲ ከፈሳሹ የራሱ ቪስኮሲቲ (ዝልግልግነት) ስንት እጥፍ እንደሆነ። ሐኪም ትኩሳትና የደም ግፊት ሳይለካ መድኃኒት አያዝም፤ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ከአውሮፕላን ክንፍ ርቆ ባለው ነፃ ፍሰት ሬሾው ከ1 እስከ 10 ቢሆን ደግ ነው። በቱቦ ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራል። 100,000 ላይ የተጣበቀ ሰፊ ቦታ ካያችሁ ግን ውጤቱን አትመኑት፤ እዚያ ያለው ፈሳሽ ውሃም አየርም መሆኑ ቀርቶ ማር ሆኗል።

አሃድና ባሕርያት

ሜሹ በሚሊ ሜትር ተሠርቶ ሶልቨሩ (እኩልታዎቹን የሚፈታው ፕሮግራም) በሜትር ቢያነበው 1 ሜትር የነበረው ክንፍ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነት × ርዝመት ÷ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲ) 1,000 ጊዜ ያድጋል፣ ዋይ-ፕላስም በመቶዎች እጥፍ ይዘላል፤ ሶልቨሩ ግን አንዲት ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ስለዚህ ሜሹ እንደገባ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ልኬት አንብቡ።

ቪስኮሲቲ ላይ ያለው ወጥመድ የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ኦፕንፎም የሚባለው ሶፍትዌር ኢንኮምፕሬሲብል (ዴንሲቲው የማይለወጥ ፍሰት) ሶልቨሮች ኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (ዳይናሚኩ በዴንሲቲ ሲካፈል) ይጠይቃሉ፤ ፍሉዌንት የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ዳይናሚኩን ይጠይቃል። ለውሃ ዳይናሚኩ 0.001 ፓስካል-ሰከንድ፣ ኪነማቲኩ 0.000001 ካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። ቢቀያየሩ ሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ200,000 ወደ 200 ይወርዳል፤ ይህን ማንም ያየዋል። አየር ላይ ግን ዳይናሚኩ 0.000018፣ ኪነማቲኩ 0.000015 አካባቢ ስለሆነ ቢቀያየሩም ስህተቱ 20 በመቶ ብቻ ነው። ስሌቱ ያምራል፣ ኮንቨርጅ ያደርጋል (ይረጋል)፣ ስህተቱም ሪፖርቱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እግረ መንገዳችንን፦ እነዚሁ የኦፕንፎም ሶልቨሮች የሚያወጡት ግፊት በዴንሲቲ የተካፈለ ነው። ለውሃ በ1,000 ካልተባዛ ፓስካል አይሆንም፤ «ሞዴሉ ግፊቱን 1,000 ጊዜ አሳንሶታል» የሚለው አቤቱታ መነሻው ይህ ነው።

ሬይኖልድስ ቁጥሩን በእጅ አስሉ። ቱቦ ውስጥ ከ2,300 በታች ከሆነ ፍሰቱ ላሚናር (ሁከት የሌለው) ነው፤ የተርቡለንስ ሞዴሉን አጥፉትና ችግሩ አብሮት ይጠፋል።

ግድግዳው

ከሁሉም በላይ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ዋይ-ፕላስ ማለት የመጀመሪያው ሴል ማዕከል ከግድግዳው ያለው ርቀት በፍሪክሽን ቬሎሲቲ (ከግድግዳው ፍትጊያ የሚሰላ ፍጥነት) ተባዝቶ በኪነማቲክ ቪስኮሲቲ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከ5 በታች ቪስኮሲቲ ብቻውን የሚገዛው ቀጭን ንብርብር አለ። ከ30 በላይ ፍጥነቱ በሎጋሪዝም ሕግ ይሄዳል፤ እስከ 300 ገደማ ድረስ ይህ ሕግ ይታመናል፣ ሬይኖልድስ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ከ5 እስከ 30 ያለው መሸጋገሪያ ነው፤ ሁለቱም ቀመር እዚያ በትክክል አይሠራም።

ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ እስከ ዋይ-ፕላስ 1 ወርዶ ንብርብሩን በሜሽ መፍታት፣ ወይ ከ30 በላይ ቆሞ ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በቀመር ለሚገምተው ለዎል ፈንክሽን መተው። ሳይታሰብበት መሃል ላይ መውደቅ ግን ምርጫ አይደለም።

በቁጥር እንየው። አየር በ20 ሜትር በሰከንድ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይነፍሳል እንበል። ሬይኖልድስ ቁጥሩ 1.33 ሚሊዮን ነው። የፍሪክሽን ኮፊሸንቱን 0.058 ÷ (ሬይኖልድስ^0.2) ብለን ብንገምተው 0.00346 ገደማ ይሆናል። የኮፊሸንቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ፍሪክሽን ቬሎሲቲው 0.83 ሜትር በሰከንድ ነው። ለዋይ-ፕላስ 1 የሴሉ ማዕከል 0.018 ሚሊ ሜትር ላይ መቀመጥ አለበት። ልብ በሉ፦ ይህ እስከ ማዕከሉ ያለው ነው፤ የሜሽ ሶፍትዌሩ የሚጠይቃችሁ የሴሉን ሙሉ ቁመት ከሆነ የምታስገቡት 0.036 ነው። ይህችን ሁለት እጥፍ የሚረሳ ብዙ ነው።

የባውንደሪ ሌየሩ (ግድግዳው የሚያዘገየው የፍሰት ንብርብር) ውፍረት ሳህኑ ጫፍ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከ0.036 ተነስቶ በ1.2 እያደገ 22 ለመድረስ 27 ንብርብር ያስፈልጋል። ዎል ፈንክሽን ከመረጣችሁና ዋይ-ፕላስ 50 ካለማችሁ የመጀመሪያው ሴል ቁመት 1.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ያው ውፍረት በ7 ንብርብር ይሸፈናል። የዋጋው ልዩነት ይኸው ነው። ንብርብሮቹ ከባውንደሪ ሌየሩ ግማሽ ላይ ካለቁና ቀጣዩ ሴል በአንዴ አምስት እጥፍ ካበጠ ግን 27ም ሆነ 7 ዋጋ የለውም፤ የፍጥነት ፕሮፋይሉ እዚያች ቦታ ላይ ይሰበራል።

አሁን ደግሞ አንድ የታወቀ ግራ መጋባት። ሰውየው በስታንዳርድ ዎል ፈንክሽን ይጀምራል፣ ዋይ-ፕላሱ 40 ነው፣ ድራጉ (ፍሰቱ ዕቃውን የሚጎትትበት ኃይል) ከልኬቱ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ የሜሽ ጥገኝነት ሊፈትሽ ሜሹን በሁሉም አቅጣጫ ያደቅቀዋል። ዋይ-ፕላሱ 20 ይሆናል፣ ድራጉ ይቀየራል። ደግሞ ያደቅቀዋል፤ 10 ይሆናል፣ ድራጉ አሁንም ይቀየራል፣ ያውም እየራቀ። «ሜሹን ባሻሻልኩ ቁጥር ውጤቱ ተበላሸ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስታንዳርድ ዎል ፈንክሽን ከ30 በታች ሲወርድ የሎጋሪዝም ሕግን በማይሠራበት ቦታ ላይ ይጭናል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ሴል ቁመት ሳይነኩ የቀረውን ማድቀቅ ነው፤ አለበለዚያ ሜሹን እስከ 1 አውርዶ የግድግዳውን አያያዝ መቀየር። ጂኦሜትሪው ውስብስብ ሆኖ ዋይ-ፕላስን አንድ ክልል ውስጥ መያዝ ካልተቻለ ሁለቱን ቀመሮች የሚያዋህድ አያያዝ ምረጡ፦ ኦፕንፎም ላይ የስፖልዲንግን ቀመር የሚጠቀመውን፣ ፍሉዌንት ላይ ለኬ-ኤፕሲሎን ኢንሃንስድ ዎል ትሪትመንት የሚባለውን። የኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ (የኬ-ኦሜጋ የተሻሻለ ዓይነት) አተገባበሮች በብዙ ሶልቨር ላይ ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። ቢሆንም መሸጋገሪያው ላይ ትክክለኛነቱ ከሁለቱም ጫፍ ያነሰ ነው።

አማካይ ዋይ-ፕላስ ብቻውን አያሳምናችሁ። አማካዩ 1.2 ሆኖ ሹል ጥግ ላይ ንብርብሮቹ ስለፈረሱ ብቻ 80 የደረሰ ቁራጭ ሊኖር ይችላል፣ ፍሰቱ ከግድግዳው የሚለያየውም ብዙ ጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ነው። ካርታውን ቀለም ቀብታችሁ በዓይን እዩ።

የባውንደሪ ዓይነቱም ይታይ። ኦፕንፎም ላይ የግድግዳው ፓች (የሜሹ ዳር ክፍል) ዓይነት «ዎል» መባሉ ቀርቶ ተራ «ፓች» ተብሎ ከተመዘገበ ሶልቨሩ ከግድግዳ ያለውን ርቀት ሲያሰላ አይቆጥረውም። ኤስኤስቲም ሆነ ስፓላርት-አልማራስ በዚያ ርቀት ነው የሚኖሩት፤ ከሩቁ ግድግዳ እየለኩ ይሄዳሉ። ምልክቱ ግድግዳው አጠገብ ጭራሽ የማይቀንስ የቪስኮሲቲ ሬሾ ነው። ርቀቱን እንደ ፊልድ አውጥታችሁ ብታዩት በአንድ እይታ ይጋለጣል።

ግድግዳ ላይ ኬ (የተርቡለንሱ የእንቅስቃሴ ኃይል) ምን ይሁን? ዎል ፈንክሽን ካለ ግራዲየንቱ ዜሮ ይሁን፤ ሜሹ እስከ 1 የወረደ ከሆነ ኬ ራሱ ዜሮ ወይም እጅግ ትንሽ ቁጥር ይሁን። ኦሜጋ (ተርቡለንሱ የሚረግብበት ፍጥነት መለኪያ) ደግሞ 6 × ቪስኮሲቲ ÷ (0.075 × ርቀት²) ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ይህ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፤ አሥር እጥፉን የሚያስቀምጡ ሶልቨሮችም አሉ። ይህን ያየ ጀማሪ ደንግጦ በእጁ ሊቀንሰው ይሞክራል። አይነካ፤ ኦሜጋ ግድግዳ ላይ እንዲህ መሆን አለበት።

ሻካራ ግድግዳ ካላችሁ የሻካራነቱ ቁመት ከመጀመሪያው ሴል ማዕከል መብለጥ የለበትም። ዎል ፈንክሽኑ ሻካራነቱን ከሴሉ ማዕከል በታች እንዳለ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሙቀት የምታሰሉ ከሆነ ደግሞ የፕራንትል ቁጥሩን (ኪነማቲክ ቪስኮሲቲው ለሙቀት ስርጭቱ ያለውን ሬሾ) እዩ፤ ቁጥሩ ከ1 ሲበልጥ የሙቀቱ ንብርብር ከፍጥነቱ ንብርብር በፕራንትል ኩብ ሩት ያህል ይቀጥናል። ፕራንትሉ 125 የሆነ ዘይት ላይ አምስት እጥፍ ስለሚቀጥን ለፍጥነት የበቃው ዋይ-ፕላስ 1 ለሙቀት ላይበቃ ይችላል።

መግቢያው

የቱቦ ምሳሌ እንውሰድ፦ ዲያሜትሩ 0.1 ሜትር፣ ውሃ፣ 2 ሜትር በሰከንድ፣ ሬይኖልድስ 200,000። የተርቡለንስ ኢንቴንሲቲው (የፍጥነቱ መዋዠቅ ከአማካዩ ስንት በመቶ እንደሆነ) 0.16 × (ሬይኖልድስ^−0.125) ሲሰላ 3.5 በመቶ ይሆናል። የርዝመት ስኬሉ (የትልልቆቹ አዙሪቶች መጠን) ከዲያሜትሩ 7 በመቶ፣ ማለትም 0.007 ሜትር። ከዚያ፦

ኬ = 1.5 × (ፍጥነት × ኢንቴንሲቲ)² = 0.0073
ኤፕሲሎን (ኬ የሚጠፋበት ፍጥነት) = 0.164 × ኬ^1.5 ÷ ርዝመት = 0.0146
ኦሜጋ = √ኬ ÷ (0.548 × ርዝመት) = 22

0.164 እና 0.548 ከየትም የመጡ አይደሉም፤ 0.09 የሚባለው የሞዴሉ ኮንስታንት 0.75 እና 0.25 ፓወር ናቸው። አሁን መፈተሻው፦ ኬን ለኦሜጋ ስታካፍሉ 0.00033 ይመጣል፣ ይህም ከውሃው ቪስኮሲቲ 330 እጥፍ ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቱቦ ጤናማ ቁጥር ነው። 30,000 ቢመጣ ኖሮ የርዝመት ስኬሉን አሃድ እንፈትሽ ነበር። ይህን ማካፈል ሩጫው ከመጀመሩ በፊት በካልኩሌተር አድርጉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

መግቢያው ልክ መሆኑን የምታረጋግጡበት ርካሽ መንገድ ባዶውን ቀጥ ያለ ቱቦ ብቻ ማስኬድ ነው። በዚህ ሬይኖልድስ ለስላሳ ቱቦ የዳርሲ ፍሪክሽን ፋክተሩ 0.0156 ገደማ ነው፣ የግፊት ኪሳራውም በሜትር 310 ፓስካል ያህል። ከመግቢያው ርቆ ፍሰቱ የደረሰበት ቦታ ላይ ለኩት። እዚህ ላይ በ30 በመቶ የሳተ ዝግጅት ቫልቩና ክርኑ ሲጨመርበት አይሻሻልም።

ክፍት ፍሰት ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ መግቢያ ላይ የጻፋችሁት ተርቡለንስ ዕቃው ዘንድ አይደርስም። ፍጥነቱ 20 ሜትር በሰከንድ፣ ኢንቴንሲቲው 1 በመቶ፣ የቪስኮሲቲ ሬሾው 4 ይሁን። ኬ 0.06፣ ኦሜጋ 1,000 ይሆናሉ። መግቢያው ከዕቃው 10 ሜትር ቢርቅ ተርቡለንሱ በመንገድ ላይ እየረገበ ይሄዳል፤ በኬ-ኦሜጋ እኩልታዎች ሲሰላ ኬ 59 ጊዜ ቀንሶ ይደርሳል። ኢንቴንሲቲው 1 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 0.13 በመቶ ሆኗል። ለብዙ ሥራ ይህ ችግር የለውም። ወደ ተርቡለንስ የሚደረገውን ሽግግር የሚያሰላ ሞዴል፣ ለምሳሌ የላንግትሪና ሜንተርን ጋማ-ሬቴታ፣ ከተጠቀማችሁ ግን ሽግግሩ የሚነሳበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ይዛወራል። ማስተካከያው ኬን መግቢያው ላይ ማብዛት ብቻ አይደለም፤ ኦሜጋው እንዳለ ከቆየ ርግበቱም ያው ነው። የቪስኮሲቲ ሬሾውን ከፍ አድርጉ፣ መግቢያውን አቅርቡ፣ ወይም ሶልቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ ርግበቱን እስከ ዕቃው አካባቢ አግዱት። ከዚያ ኬ ዕቃው አጠገብ ስንት እንደሆነ በፕሮብ አንብቡ።

ለስፓላርት-አልማራስ ነገሩ ቀላል ነው፦ የሞዴሉ ተለዋዋጭ መግቢያ ላይ ከኪነማቲክ ቪስኮሲቲው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይሁን። ዜሮ ካስገባችሁ ባውንደሪ ሌየሩ ላሚናር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መውጫው ላይ ፈሳሽ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ የሚመለሰው ፈሳሽ ይዞት የሚገባው ተርቡለንስ ሶልቨሩ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠው ነባሪ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው አይነካውም፣ የመግቢያውን ያህልም አይሆንም። ከመግቢያው ጋር አቀራርቡት፣ ከተቻለም መውጫውን አርቁት።

ሲፈነዳ

ኦፕንፎም ሎጉ ላይ «ባውንዲንግ ኤፕሲሎን» ወይም «ባውንዲንግ ኬ» የሚል መስመር ከነ ዝቅተኛው ቁጥር ያወጣል፤ ፍሉዌንት ደግሞ የቪስኮሲቲ ሬሾው በስንት ሴሎች ላይ እንደተገደበ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሃምሳና መቶ ኢተሬሽኖች ይህ ቢታይ አያስጨንቅም። የሴሎቹ ብዛት እየቀነሰ መሄድ ግን አለበት። 500ኛው ላይም ያው ብዛት ካለ፣ ወይም የኬ ዝቅተኛው ከዜሮ በታች እየሰፋ ከወረደ፣ ያን ጊዜ ፍለጋ ይጀመራል።

መጀመሪያ ቦታውን አግኙት። ከመፈንዳቱ አሥር ኢተሬሽን በፊት ሩጫውን አቁሙና ፊልዱን አውጥታችሁ ከፍተኛው የቪስኮሲቲ ሬሾ ያለበትን ሴል ፈልጉ። አንድ ሴል ወይም ጥቂት የተጠጋጉ ሴሎች ከሆኑ ጥፋቱ ሜሽ ነው፤ ኖን-ኦርቶጎናሊቲው (የሁለት ጎረቤት ሴሎች ማገናኛ መስመር ከጋራ ፊታቸው ቀጤ የሚያፈነግጥበት ማዕዘን) ከ70 ዲግሪ በላይ፣ ወይም ስኪውነሱ (የሴሉ መጣመም) ከ4 በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ የኦፕንፎም የሜሽ መመርመሪያ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥባቸው ድንበሮች ናቸው። ሴሉን ጠግኑት፤ መጠገን ካልተቻለ ኖን-ኦርቶጎናል ማስተካከያውን ገድቡና አንድ ሁለት የማስተካከያ ዙር ጨምሩ። መውጫው ላይ ከሆነ ተመላሽ ፍሰት ነው። ሰፊ ቦታ ከሆነ ደግሞ መነሻ ሁኔታው ወይም ስኪሙ ነው።

መነሻ ሁኔታ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት ኦሜጋን ወይም ኤፕሲሎንን ከዜሮ አጠገብ አስጀምሮ ኬን ትልቅ ማድረግ ነው። የተርቡለንስ ቪስኮሲቲው ኬ ለኦሜጋ ሲካፈል ስለሆነ በትንሽ ቁጥር ማካፈል ምን እንደሚያመጣ ግልጽ ነው። ሁለቱንም በመግቢያው ቁጥር አስጀምሩ፣ ፍጥነቱንም በፖቴንሻል ፍሎው (ቪስኮሲቲን በማይቆጥር ቀላል) ስሌት አዘጋጁት። ያም ካልበቃ 200 ኢተሬሽን በኬ-ኤፕሲሎን አስኪዱና ወደ ኤስኤስቲ ተሻገሩ፤ እንዲህ ሲሆን ሞዴል መቀየሩ እንደ ማስነሻ እንጂ እንደ መፍትሔ አይደለም።

ኬ ከዜሮ በታች የሚወርደው ብዙ ጊዜ የኮንቬክሽን ስኪሙ ገደብ የሌለው በመሆኑ ነው። ለኬ፣ ለኤፕሲሎንና ለኦሜጋ ንጹሕ ሴንትራል (የሁለቱን ጎረቤት ሴሎች አማካይ የሚወስድ) ስኪም አይሁን፤ አፕዊንድ (ፍሰቱ ከሚመጣበት ሴል ብቻ የሚወስድ) ወይም ገደብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ስኪም ይሁን፣ ግራዲየንቱም ይገደብ። ከዚያ ሪላክሴሽን ፋክተሮቹን (በየዙሩ ከለውጡ ምን ያህሉ እንደሚወሰድ የሚወስኑትን) አውርዱ። በተለምዶ ግፊት 0.3፣ ሞመንተም 0.7፣ ኬና ኤፕሲሎን 0.8 ሆነው ይጀምራሉ፤ ሁለቱን የተርቡለንስ እኩልታዎች ወደ 0.5 ማውረድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። 0.2 ላይ ብቻ የሚቆም ስሌት ካላችሁ ሪላክሴሽኑን ትታችሁ ወደ ሜሹ ተመለሱ።

ሁሉንም እኩልታ በአንደኛ ደረጃ አፕዊንድ ማስጀመር ነውር የለውም፤ እዚያው መቅረት ግን ነውር ነው። የሞመንተሙ ስኪም አንደኛ ደረጃ ሆኖ ከቀረ የስሌቱ ስህተት ራሱ እንደ ተጨማሪ ቪስኮሲቲ ይሠራል፣ አዙሪቱን ሁሉ ያለሰልሳል። ሥዕሉ ያምራል፣ ረዚጁዋሉም (የእኩልታዎቹ ቀሪ ስህተት) ይወርዳል፤ የምታዩት ግን ሞዴሉን አይደለም።

ረዚጁዋሉ አንድ ቦታ ላይ ሲወዛወዝ

አልፈነዳም፣ አልወረደም፤ 0.001 አካባቢ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። የድራጉን ወይም የግፊቱን ታሪክ ሳሉት። መወዛወዙ እንደ ማዕበል የተስተካከለ ከሆነ ፍሰቱ ራሱ በጊዜ የሚለዋወጥ ሊሆን ይችላል፤ ሲሊንደር፣ ማማ፣ ከኋላው የተቆረጠ አካል ሁሉ አዙሪት ይጥላል። ስቴዲ (በጊዜ የማይለወጥ) ስሌት እንዲረጋ ማስገደድ እዚህ ላይ ሐሰት ማምረት ነው። 0.05 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሲሊንደር በ10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ፣ ስትሩሃል ቁጥሩን (ድግግሞሽ × ዲያሜትር ÷ ፍጥነት) 0.2 ብንወስድ፣ በሰከንድ 40 ጊዜ አዙሪት ይጥላል። አንዱ ዙር 0.025 ሰከንድ ነው፤ በ100 ከፍላችሁ በ0.00025 ሰከንድ እርምጃ ትራንዚየንት (ጊዜን እየተከተለ የሚሄድ ስሌት) አስኪዱትና ሥርዓት ከያዘ በኋላ ያሉትን ዙሮች አማካይ ውሰዱ። መወዛወዙ ሥርዓት የሌለው ከሆነ ግን ወደ መጥፎ ሴሎችና ወደ መውጫው ተመለሱ።

ሞዴሉ ራሱ ሲሳሳት

ይህ ሁሉ ታይቶ ውጤቱ አሁንም ከልኬት ከራቀ እነሆ ሞዴሉን መጠርጠር ይቻላል። ስህተቶቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሞዴል የታወቀ አመል አለው።

ስታንዳርድ ኬ-ኤፕሲሎን ፍሰት ከግድግዳ የሚለያይበትን ቦታ ያዘገያል፣ የተለየውንም ቶሎ ይመልሳል። ድራይቨርና ሲግሚለር በ1985 ባሳተሙት የኋላ ደረጃ (ወለሉ በድንገት ዝቅ የሚልበት) ሙከራ ፍሰቱ ወደ ወለሉ የሚመለሰው የደረጃውን ቁመት 6.26 እጥፍ ተጉዞ ነው፤ ስታንዳርድ ኬ-ኤፕሲሎን ከዚህ ያሳጥረዋል። ሜንተር በ1994 ያቀረበው ኤስኤስቲ ግድግዳው አጠገብ ኬ-ኦሜጋን፣ ራቅ ሲል ኬ-ኤፕሲሎንን ተጠቅሞ የሸር ስትረሱን ስለሚገድብ በእንዲህ ያለው ፍሰት የተሻለ ይጠጋል። የድሮው የዊልኮክስ ኬ-ኦሜጋ ደግሞ ነፃው ፍሰት ላይ በሚጻፈው የኦሜጋ ቁጥር ይናወጣል፤ ውጤታችሁ የመግቢያውን ኦሜጋ አሥር እጥፍ ስትቀይሩ አብሮ የሚቀየር ከሆነ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

ፍሰት ከዕቃ ፊት ተጋጭቶ በሚቆምበት ቦታ ስታንዳርድ ኬ-ኤፕሲሎን ኬን ያለ ልክ ያመርታል። ምልክቱ በዕቃው ግንባር ላይ የሚታይ ቀይ የኬ ደመናና ከመጠን ያለፈ የሙቀት ልውውጥ ነው። የኬ ምርት ገደብን ሥራ ላይ አውሉ፣ ወይም ካቶና ላውንደር በ1993 ያቀረቡትን ማስተካከያ ተጠቀሙ።

ክብ ጄት ላይ ይኸው ሞዴል መስፋፋቱን ያጋንናል፦ የተለካው የመስፋፋት መጠን (የጄቱ ግማሽ ስፋት ከርቀቱ ጋር የሚያድግበት ሬሾ) 0.094 ገደማ ሲሆን ሞዴሉ ወደ 0.12 ይጠጋል። ሪያላይዘብል ኬ-ኤፕሲሎን ይህን በአብዛኛው ያርመዋል። ሳይክሎን ውስጥ እንዳለው ዓይነት ብርቱ ሽክርክሪት ሲመጣ ሁሉም ባለ ሁለት እኩልታ ሞዴሎች አዙሪቱን ያደበዝዙታል፤ እዚያ የሬይኖልድስ ስትረስ ሞዴል ያስፈልጋል፣ ኮንቨርጅ ማድረጉ ቢያስለቅስም። አራት ማዕዘን ቦይ ውስጥ ወደ ጥጎቹ የሚሄደው ደካማ ሁለተኛ ፍሰትም በተራ ኤዲ ቪስኮሲቲ (ሁከቱን እንደ ተጨማሪ ቪስኮሲቲ በሚቆጥር) ሞዴል ጨርሶ አይታይም፤ ሜሽ ቢደቅም አይመጣም።

ኮንስታንቶቹን ግን አትነካኩ። 0.09ን ወደ 0.07 አውርዶ አንድን ከርቭ ማስመሰል ይቻላል። የኬ-ኤፕሲሎን ኮንስታንቶች የሆኑት 0.09፣ 1.44 እና 1.92 ግን እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ የሎጋሪዝም ሕጉ ይፈርሳል፣ ቀጣዩ ጂኦሜትሪ ላይም ዕዳው ይመጣል። ሶልቨሩ ሞዴሉን በትክክል መተግበሩን የምትጠራጠሩ ከሆነ የናሳ ላንግሊ የተርቡለንስ ሞዴሊንግ ድረ ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሳህንን ጨምሮ ከነሜሻቸው የተቀመጡ መፈተሻዎች አሉ።

ወደ ኤልኢኤስና ዲኢኤስ ለሚሸጋገሩ

ኤስኤስቲ አልሆነልኝም ብሎ ወደ ዲኢኤስ (ግድግዳው አጠገብ ተራ ሞዴል፣ ራቅ ሲል ደግሞ ትልልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ የሚፈታውን ኤልኢኤስ ወደሚጠቀመው) መዝለል አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። በ1997 የቀረበው የመጀመሪያው ዲኢኤስ ሞዴሉን የሚቀይረው በሴሉ ትልቁ ጎን ነው። ግድግዳው አጠገብ ያሉት ሴሎች በፍሰቱ አቅጣጫ ከባውንደሪ ሌየሩ ውፍረት ካነሱ ሞዴሉ እዚያው ንብርብሩ ውስጥ ወደ ኤልኢኤስ ይቀየራል፤ ሜሹ አዙሪቱን ለመፍታት ገና አይበቃም፣ የሞዴሉ ስትረስ ግን ቀድሞ ወርዷል። ፍሰቱም በማይለያይበት ቦታ ይለያያል። በ2006 የመጣው ዲዲኢኤስ የሚባለው የዲኢኤስ ማሻሻያ ይህን ለመከላከል ነው፤ ሶልቨሩ ላይ ካለ እሱን ምረጡ። መከላከያው መሥራቱን ለማወቅ የሺልዲንግ (የመከላከያ) ፈንክሽኑን ፊልድ አውጥታችሁ ባውንደሪ ሌየሩን ሸፍኖት እንደሆነ ተመልከቱ።

የጊዜ እርምጃው አዙሪት የሚፈታበት ቦታ ላይ የኩራንት ቁጥሩን (ፍሰቱ በአንድ እርምጃ ስንት ሴል እንደሚያልፍ) ከ1 በታች የሚይዝ ይሁን። የሞመንተሙ ስኪም ሴንትራል ወይም ወደ እሱ የተጠጋ ይሁን፤ እዚህ ላይ አፕዊንድ አዙሪቱን ሳይወለድ ይገድለዋል። መግቢያው ላይ ለስላሳ ፍጥነት ብቻ ብትሰጡ ተርቡለንሱ እስኪፈጠር ረጅም መንገድ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሰው ሠራሽ መዋዠቅ አስገቡ። ኤልኢኤስ በሁለት ዳይሜንሽን አይሠራም፤ አዙሪቶች የሚሰባበሩት በሦስተኛው ዳይሜንሽን ተዘርግተው ነውና ዶሜኑን በስፋቱም ፍቱት።